ጅብ የወለደችበት ቅዳሜ

ይመር ኤቢሴን ሲደበድባት ግቢያችን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። አራቱ ጎልማሳ ወንዶች ነበሩ። አንዷ እኔ ነበርኩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ።

“ልጅ ነበርኩ” የሚለውን ቃል ለረጅም ጊዜ እንደ ጃንጥላ ይዤው ዞርኩ። አሁን ሰልችቶኛል። ያየሁትንም፣ ያየሁ የመሰለኝንም፣ እንዳለ ልናገር።

ግቢው የእማማ ወለተጻድቅ ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለምን አልፎ ቁልቁል በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ባለ አንድ ቧንቧና ባለ አንድ ሽንት ቤት። እሳቸው ከልጃቸው ከይመር ጋር ትልቁ ቤት ይኖራሉ፤ እኛ ተከራዮቹ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ክፍሎች። አባቴ ማርቆስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። እናቴ የኔነሽ የጸሎት ሰው ናት፤ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲታመም የምትጠራ፣ ረቡዕ ረቡዕ የቤተ ክርስቲያን እህቶችን ሰብስባ የምታስጸልይ። ከእኛ ቀጥሎ ጡረተኛው ጋሼ ሀብተማርያም አሉ። ሽንት ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ኤቢሴ።

ኤቢሴ ከአምቦ የመጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ለሁለት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ትሰፋ ስለነበር የግቢያችን የልብስ ማስጫ ገመድ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። ጧት የሚቀሰቅሰኝ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ነበር። ከሥሯ ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ። “ሩሂ፣ ክሩን አስገቢልኝ፤ ያንቺ ዓይን ይሻላል” ትለኛለች። ዓይኗ ምንም አልነበረበትም። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው።

ይመርን ግን ከእሷ አስበልጬ እወደው ነበር። እውነቱ ይኸው ነው። ከአየር ጤና ቤቴል የሚጭን የሚኒባስ ሹፌር ነበር። እሁድ እሁድ የሰፈሩን ልጆች ጭኖን እስከ አስፋልቱ ወስዶ ይመልሰናል። ጡሩምባ ያስነፋናል። ማስቲካ ከኪሱ አይጠፋም። አንድ ቀን በር ላይ መኪናውን እያጠበ፣ “ኤቢሴ እኮ ሚስቴ ናት” አለኝ። “ገና አልነገርኳትም እንጂ።”

በሳቅ ፈረስኩ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ምስጢር ሰምቼ አላውቅም። ለማንም ላልናገር ማልኩለት።

በዚያው ሰሞን ኤቢሴ ሽንት ቤት ብቻዋን መሄድ ተወች። ከበሯ እስከዚያ አምስት እርምጃ አይሞላም። “ሩሂ፣ ነይ አድርሺኝ” ትለኛለች።

“አይጥ ፈርተሽ ነው?”

“አዎ። ትልቅ አይጥ አለ።”

እኔም በሩ ላይ ቆሜ መሬቱን በእግሬ እየደበደብኩ አይጡን አባርርላታለሁ። ይመር ከበረንዳቸው ሆኖ እያየን ይስቃል። እኔም መልሼ እስቅለታለሁ። ጎበዝ ጠባቂ ስለሆንኩ የሳቀልኝ ይመስለኝ ነበር።

በሯ ላይ ሁለተኛ መቀርቀሪያ የገጠመላት አባቴ ነው። “ቀን ለቀን ምን ያስቆልፍሻል?” አላት። “ለጨርቁ ነው፤ የሰው ጨርቅ ነው” አለችው። አባቴ ወደ ትልቁ ቤት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ብሎኑን አጠበቀ። ያን ቀን እንደገባው አሁን እርግጠኛ ነኝ።

አንድ ረቡዕ ደግሞ፣ የጸሎት እህቶች ከሄዱ በኋላ፣ ኤቢሴ እናቴን ጓዳ ይዛት ገባች። ስታለቅስ ይሰማኛል። “እትዬ የኔነሽ፣ እናቱን ያናግሩልኝ። እርስዎን ይሰማሉ። በር ላይ ይጠብቀኛል፤ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል። እምቢ ብዬዋለሁ፣ አልሰማም አለኝ።”

እናቴ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ “በጸሎት እንያዘው፣ እህቴ” አለቻት።

እኔ አይጡን በጸሎት የሚይዙት መሰለኝ። ለብዙ ቀን፣ አይጥ በጸሎት እንዴት እንደሚያዝ ለማየት ሽንት ቤቱ አካባቢ ስዞር ነበር።

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። የነሐሴ መጨረሻ። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ስለቀረው የኤቢሴ መኪና ፋታ የለውም። ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ ሳለ ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲመጡ ጅብ ወለደች ይባላል፤ የማያውቅ ልጅ የለም። ግቢው መሃል እጄን ዘርግቼ፣ “ጅብ ወለደች! ጅብ ወለደች!” እያልኩ ስሽከረከር ይመር በውጭ በር ገባ። በእጁ የመኪናውን የክሪክ ብረት ይዟል። ማስቲካ አልሰጠኝም።

“አለች?” አለኝ።

“አለች። ቆልፋ ነው” አልኩት።

ዛሬ ሊነግራት ነው! በመስኮት ለማየት ወደ ቤት ሮጥኩ።

በሯን ሲያንኳኳ አየሁ። “ኤቢሴ፣ ክፈቺ” አለ። መኪናው ዝም አለ። “ክፈቺ ብያለሁ!” ከዚያ በብረቱ መቀርቀሪያው ያለበትን ቦታ መታው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው በሩ ወደ ውስጥ ሄደ። ከኋላዬ የእናቴ እጅ ክንዴን ያዘኝና አልጋው ላይ ወረወረኝ። ብርድ ልብስ ጣለችብኝ። ከዚያ ቴፑን ከፈተችና የመዝሙሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።

ደስ አለኝ። በፀሐይ ዝናብ ውስጥ መዝሙር ሲያምር! እናቴ ጌታን ልታመሰግን የተነሳች መሰለኝ።

በመዝሙሩ መሃል ግን ጩኸት ሰማሁ። መጀመሪያ በኦሮምኛ ነበር፤ አልገባኝም። ከዚያ፣ “ድረሱልኝ! በእግዚአብሔር ድረሱልኝ!” የሚል ሆነ። እየተመታች እንኳ፣ እንድንሰማት ብላ፣ ቋንቋ ቀየረችልን።

“እማዬ፣ ምንድን ነው?”

“ጅቧ ናት” አለች እናቴ። “እየወለደች ነው። ተኚ።”

አመንኳት። ሰው ሲያምጥ እንደሚጮህ አውቃለሁ፤ ጅብም ስታምጥ የሰው ድምፅ ልታወጣ ትችላለች። ብርድ ልብሱን ትንሽ ገለጥ አድርጌ አየሁ። አባቴና እናቴ በሩ ላይ ተቃቅፈው ቆመዋል። እናቴ ጀርባዋን በሩ ላይ ለጥፋ በሁለት እጇ ወገቡን ይዛዋለች፤ እሱ ግንባሩን ከትከሻዋ በላይ እንጨቱ ላይ ደፍቷል። ወላጆቼ ተቃቅፈው አይቻቸው አላውቅም። አፈርኩ። ብርድ ልብሱን መልሼ ለበስኩት።

ከዚያ በራችን ተንኳኳ። ድምፁ ከታች ነበር፤ ከደፉ አካባቢ፣ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ ብሎ። እንደዚያ ዝቅ ብሎ የሚያንኳኳ እንስሳ ነው። ጅቧ ልጆቿን ይዛ ቤታችን ልትገባ ነው!

“እማዬ፣ አትክፈቺላት!” ብዬ ጮህኩ። “ትበላናለች! አትክፈቺ!”

እናቴ አልከፈተችም።

ዝናቡም መዝሙሩም ሲያበቃ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ሰማያዊዎቹ ዩኒፎርሞች ጭቃ ላይ ወድቀዋል። ይመር ቧንቧው ጋ ቁጢጥ ብሎ የክሪክ ብረቱን ያጥባል፤ ሹፌር ዕቃውን በንጽሕና መያዝ አለበት ብሎ ነግሮኝ ያውቃል። ኤቢሴ ከደጃፋችን ሥር በጎኗ ተኝታለች፤ አንድ እጇ ከአካሏ ጋር የማይሄድ ሆኖ ተጣምሟል። የሁሉም ሰው በር ዝግ ነው። ከጋሼ ሀብተማርያም ቤት ሬዲዮ ከወትሮው ከፍ ብሎ ዜና ያነባል።

ኤቢሴን ያነሷት ፊት ለፊት የሚሠራው ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ያቦኩ የነበሩ ሁለት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጩኸቱን ከላይ ሰምተው ወርደው መጡ። አያውቋትም። በበር ሳንቃ ተሸክመዋት ሲወጡ እኛ መጋረጃችንን ገለጥ አድርገን እናይ ነበር፤ ሁላችንም።

ሰኞ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ከዚያ በፊት እናቴ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣኝ፣ “የግቢ ነገር ከግቢ አይወጣም” ብላኝ ነበር። “ማንም ቢጠይቅሽ ተኝቼ ነበር በይ። ብርድ ልብስ ውስጥ አልነበርሽም? ውሸት አይደለም።”

እማማ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አደግድገው፣ “ዝናብ ነበር፤ አዳልጧት ደረጃው ላይ ወደቀች መሰለኝ” አሉ። ጋሼ ሀብተማርያም መርካቶ ነበርኩ አሉ። የሬዲዮናቸውን ድምፅ ሰምቼ ስለነበር ሊጠፋባቸው ይችላል ብዬ ላስታውሳቸው ፈለግኩ፤ ትልቅ ሰው ማረም ነውር ነው ብዬ ተውኩት። እናቴ ጸሎት ላይ ነበርኩ አለች። አባቴ መሬት መሬት እያየ፣ “አላየሁም” አለ። አላየም፤ በሩ ዝግ ነበር።

ወጣቱ ፖሊስ ቁጢጥ አለልኝ። “ቆንጆ፣ አንቺስ ምን አየሽ?”

“ተኝቼ ነበር።”

እማማ ወለተጻድቅ ጉንጬን ሳሙኝ። “የኔ ጨዋ! አሳዳጊ የባረካት!” አሉ። ያን ቀን ሙሉ ቀና ብዬ ዋልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ቀን፣ ኤቢሴ ክንዷ በጄሶ ተጠቅልሎ መጣች። ከአምቦ አጎቷ አብሯት ነበር። እሷ ክፍሏ ገብታ ሳትጨርስ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ጋሼ ሀብተማርያም፣ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ፣ ከእማማ ወለተጻድቅ ወገን ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ።

“እነማን ናቸው?” አልኳት እናቴን።

“ሽማግሌዎች ናቸው።”

ሽማግሌ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ! የአክስቴን ልጅ ሲያገባት ባሏ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ይመር በመጨረሻ ነግሯታል ማለት ነው። የእናቴ ቀሚስ ሥር ገብቼ ሁሉን ሰማሁ፤ የገባኝን ያህል ብቻ።

“ወጣትነት ነው” አሉ ጋሼ ሀብተማርያም። “ፍቅር ሰውን ያሳብዳል። ሰይጣን በመሃል ገባ።”

“ይቅር ማለት ለራስሽ ነው የሚጠቅምሽ፣ ልጄ” አለ የኛ ሽማግሌ። “ፋይሉ ይዘጋና በሰላም ሥራሽን ትሠሪያለሽ።”

“ደግሞስ ማን ይመሰክርልሻል?” አሉ አንደኛው፣ ቀስ ብለው። “ያየ ሰው የለም።”

ኤቢሴ ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችን። እናቴን አየቻት። አባቴን አየችው። “ያየ ሰው የለም?” አለች። አጎቷ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ይመር ተጠራ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። ሽማግሌዎቹ፣ “ይቅር ለእግዚአብሔር በይ” አሏት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ወረቀት ቀረበላት፤ ቀኝ እጇ ጄሶ ውስጥ ስለሆነ በግራ አውራ ጣቷ ቀለም አስነክተው አስፈረሟት። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይም የፈረሙበት ወረቀት ነበር። በቃ፣ ተጋቡ! ከእናቴ ቀሚስ ሥር ወጥቼ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ፣ “እልልልልልል!” አልኩ።

እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ኤቢሴ ወደኔ ዞረች። ያን አስተያየት ዛሬ በየትኛው ቃል እንደምጠራው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ሙሽራ የደከማት መሰለኝ።

በማግስቱ ከአጎቷ ጋር ሄደች። የስፌት መኪናዋን ጋሪ ጫነው። እኔ ወደ ጫጉላ ቤቷ የሄደች መስሎኝ፣ ይመር ለምን እንዳልተከተላት ብዙ ጊዜ አሰብኩ።

ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ቧንቧው ጋ ቆሜ እግሬን ስታጠብ፣ ከብረቱ ላይ ይወርድ የነበረው ውኃ ቀለሙ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሌላው ሁሉ እየተጎተተ መጣ። አይጡ። ጅቧ። በራችን። ጫማዬን ትቼ ቤት ገባሁና እናቴን አየኋት። ሽንኩርት ትከትፋለች። ምንም አላልኳትም።

ስለዚህ ሰባት ዓመቴ ነበር ማለት ከዚያ ቀን በኋላ አይሠራም። አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ ይመር ጥሩብርሃን የምትባል፣ ከአባቷ ቤት በቀር ምንም የማታውቅ ልጅ አገባ። እያወቅኩ ሰርጉ ላይ ሄድኩ። ከሚዜዎቹ ጋር ጨፈርኩ። አባቴ ብቻ አሞኛል ብሎ ቀረ፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ለምን እንደቀረ ሳይነግረኝ።

አምና በጥቅምት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴን ልጠይቅ ከምኖርበት ከቤቴል ሄድኩ። እሷ አሁንም እዚያው ግቢ፣ እዚያው ክፍል ናት። ፓስታ እየበላን ከትልቁ ቤት የሴት ጩኸት መጣ። እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። እጇ ግን ወደ ሪሞቱ ሄደ፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረች።

እንዳየኋት ውስጤ የነበረው ነገር ፈነዳ። ሪሞቱን ከእጇ ቀምቼ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት።

“ሩሃማ! የባልና ሚስት ነገር ነው! አትግቢበት!”

ወጣሁ። የግቢውን በር ሁሉ በቡጢ ደበደብኩ። “ውጡ! ሊገድላት ነው! ውጡ!” የጋሼ ሀብተማርያም መጋረጃ ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። የወጣችው ሀያቱ ብቻ ናት፤ ከገባች ወር ያልሞላት አዲስ ተከራይ። ቡና ስትወቅጥ የነበረችበትን ዘነዘና እንደያዘች ወጣች። “የት ነው?” አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

በሩን ሁለታችን ገፍተን ገባን። ጥሩብርሃን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ነበረች፤ አገጯ ቦታውን ለቋል። ይመር ከበላይዋ ቆሟል። ሸብቷል፤ ወፍሯል። አየኝና፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ፈገግ አለ። “ሩሂ” አለ። “ማንም ግቢ ሳይልሽ ገባሽ?”

ሀያቱ ዘነዘናውን ከፍ አደረገች። “አንድ እርምጃ ብቻ ና” አለችው። እኔ ፖሊስ ደወልኩ፤ አድራሻውን፣ ስሙን፣ ስሜን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ እሱም፣ በየቤቱ ያሉትም ሁሉ እንዲሰሙኝ።

ፖሊሶቹ ይመርን ይዘው ከሄዱ በኋላ እናቴ ቤት ተመለስኩ። መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

“ያን ቅዳሜ ያንኳኳችው ኤቢሴ ነበረች” አልኳት።

“ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል?”

“እየተጎተተች እኛ በር ድረስ መጣች። እናቱን ያናግሩልኝ ብላ አልቅሳልሽ ነበር!”

“ፈራሁ!” አለች። እናቴ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። “ከዚህ ግቢ ቢያስወጡን የት እንገባ ነበር? አባትሽ ሊወጣ ነበር። እኔ ነኝ በሩ ላይ ቆሜ የያዝኩት። እኔ! በዚያ ብረት አናቱን ቢለውስ? አንቺን ማን ያሳድግሽ?”

እንግዲህ ተቃቅፈው አልነበረም።

“ደግሞ አንቺም አትክፈቺ ብለሽኛል” አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። “አትክፈቺ ብለሽ የጮህሽው አንቺ ነሽ።”

“ሰባት ዓመቴ ነበር! ጅብ ናት አልሽኝ! እኔ ጅብ ፈርቼ ነው፤ አንቺ ማን መሆኗን ታውቂ ነበር!” እናቴ መጽሐፉን ዘጋችው። ለፖሊስ ቃሏን እንድትሰጥ ጠየቅኳት። የዛሬውን ብቻ፤ የሰማችውን ብቻ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ጣቢያ ድረስ አልችልም አለች። ቤተ ክርስቲያን ድረስ ግን ያን ሳምንትም ሦስት ጊዜ በእግሯ ሄዳለች።

ኤቢሴን መፈለግ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። አየር ጤና ካሉ ልብስ ሰፊዎች አንዱ ወደ ሌላው እየመራኝ በዘጠነኛው ቀን ዘነበወርቅ አገኘኋት። ከአምቦ ተመልሳ የዩኒፎርም መስፊያ ቤት ከፍታለች፤ ሁለት ሠራተኞች ይሰፋሉ፣ እሷ ትቆርጣለች። የቀኝ እጇ ሦስቱ ጣቶች አይታጠፉም። መቀሱን በግራዋ ነው የያዘችው።

ስሜን ስነግራት መቀሱን አስቀመጠች። “እልል ያልሽው” አለች።

“ሰርግ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ሲባል…”

ከዚያ ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር አግኝታ የሳቀች ግን አልነበረችም። “ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ይቺ ልጅ ለምን ጠላችኝ እያልኩ ነበር” አለች። “ሌላው ሁሉ ይገባኛል፤ ፈሩ። ያንቺ አልገባ ብሎኝ ነበር።”

ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ ደግሜም አልጠየቅኳትም። ስለ ጥሩብርሃን ነገርኳት። ዐቃቤ ሕጉ የድሮው ጉዳይ አሁን ክስ እንደማይሆን ነግሮኝ ስለነበር እሱንም አልደበቅኳት።

“ችሎቱ መቼ ነው?” አለች።

“ማክሰኞ። ግን ልትመሰክሪ አትችይም።”

“አልመሰክርም። ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።”

ከችሎቱ በፊት ያለው እሁድ ጋሼ ሀብተማርያም ሁለት ሰው አስከትለው ቤቴል ቤቴ መጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። እማማ ወለተጻድቅ በልጃቸው ነገር አልጋ ላይ ወድቀዋል፤ ምስክርነቱን ብትተዪው፣ ልጅቷም ይቅር ብላለች አሉኝ። ጥሩብርሃን ይቅር አላለችም፤ አገጯ በሽቦ ታስሮ ስለነበር ቃልም አልወጣትም።

“ጋሼ” አልኳቸው፣ “እርስዎ ቤት ነበሩ። ያኔም፣ አሁንም። እኔ መጋረጃዎን አይቻለሁ።”

“የትልቅ ሰው ገመና እንዲህ አይወጣም፣ ልጄ።”

“እንግዲያው ይሂዱልኝ።” ሻይ አላቀረብኩላቸውም። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ከቤቴ ሳባርር የመጀመሪያዬ ነው፤ ተመልሰው ቢመጡም ደግሜ አደርገዋለሁ።

ማክሰኞ መሰከርኩ። ከእኔ በኋላ ሀያቱ መሰከረች፤ ዳኛዋ ሁለት ጊዜ ድምፅሽን ቀንሺ እስኪሏት ድረስ። ከግቢው የመጡት ሁሉ ከይመር ወገን ተቀምጠው ነበር። እናቴ አልመጣችም። ኤቢሴ ግን ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ የማይታጠፈውን እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስታየው ዋለች። ይመር መጀመሪያ አላወቃትም። ሲያውቃት አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ በኋላ ቀና አላለም። ፍርዱ ከሁለት ወር በኋላ ተሰጠ። ዘጠኝ ዓመት።

የፍርዱ ቀን ደረጃው ላይ ጥሩብርሃን ስትወጣ ጠበቅኳት። ሽቦው ወልቆላታል፤ አሁንም ግን ቃሉን በጥርሷ መሃል እያሾለከች ነው የምትናገረው። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽም።

እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አቆመችኝ።

“ኤቢሴ ሁሉን ነገረችኝ” አለች። “ታውቁ ነበር።”

“ጥሩብርሃን…”

“ሰርጌ ላይ ነበርሽ። ስትጨፍሪ ቪዲዮው ላይ አለሽ። እናትሽ ዳቦ ቆርሳ አጉርሳኛለች። ያ ሁሉ ሰው ግንባሬን ሲስም፣ አንድ ሰው፣ አንድ፣ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ ቢነግረኝ ኖሮ በዚያው ቬሎ ወደ አባቴ ቤት እሮጥ ነበር። ሃያ ሰከንድ ነው የሚፈጀው።” ምራቋን ለመዋጥ ቆም አለች። “አሥር ዓመት ዱላ በልቻለሁ።”

ኤቢሴ ከኋላ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። ሁለቱ ተደጋግፈው ደረጃውን ወረዱ፤ የታክሲው ሰልፍ ውስጥ ገቡ። ዞር ብለው አላዩኝም። ልከተላቸው እንደማልችል ስለገባኝ፣ ሰዉ ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ ቀረሁ።